የብፅዓት ጉርጥና የጉባኤው ውሳኔ

ብፅዓት ቁልፍ ትቀርጻለች። ሌላ ሥራ አትችልም፤ አለመቻሏንም አትደብቅም። ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከባቡር ድልድዩ ሥር፣ በሻንጣ ሻጩና በዶሮ ጥብስ ቤቱ መሐል የተሰነቀረች አንዲት ሱቅ አለች፤ ጫማ ይጠገንባታል፣ የሰዓት ባትሪ ይቀየርባታል፣ ቁልፍ ይቀረጽባታል። ባለሱቁ ሸምገል ያለ የቆጵሮስ ሰው ነው። ብፅዓት ትምህርት ቤት ጨርሳ ስትቀጠርለት ሦስቱንም ሊያስተምራት ቆርጦ ተነሣ። የመጀመሪያውን የሴት ጫማ ተረከዝ ዘቅዝቃ ለጠፈችው። የመጀመሪያውን ሰዓት ከፈተችና መልሶ መግጠም አቃታት። የመጀመሪያውን ቁልፍ ግን ከማሽኑ አውጥታ ጥርሱን በአውራ ጣቷ ስትዳስሰው፣ ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አያት። ከዚያ ወዲህ ተረከዙና ባትሪው የሱ፣ ቁልፉ የሷ ሆነ።

በኛ ዘንድ ይኼ ጉድ ነው። ለንደን ያለ ሐበሻ ስለ ልጁ ሲጠየቅ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ «ሜዲሲን ልትገባ ነው»፣ ወይ «እያሰበችበት ነው»። እናቷ የሻረግ ሁለተኛውን ስትመልስ ከረመች። የሻረግ አዲስ አበባ ሳለች የተመሰከረላት የመኪና ጸሐፊ ነበረች፤ ፊደሉን ሳታይ፣ ከጎኗ ካለችው ባልደረባዋ ጋር እያወራች፣ ገጹን ሞልታ ታወጣለች። እንግሊዝ አገር ግን የአማርኛ ታይፕ የሚያስመታ ሰው የለም። ስለዚህ ሂትሮው ገባች። ሽንት ቤት አጠበች፣ የምግብ ትሪ ደረደረች፣ አሮጊቶችን በተሽከርካሪ ወንበር ገፋች፣ ሰው ሲጎድል ቦርሳ ፈተሸች። ሂትሮው ውስጥ ያልሠራችው ነገር አውሮፕላን ማብረር ብቻ ነው።

«ስሚ ብፅዬ፣ እዚህ አገር ያቆየኝ ሁሉን ቻይ መሆኔ ነው» ትላታለች፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች።

«ሁሉን ቻይ እግዚአብሔር ነው እማ። አንቺ ደክሞሻል።»

«አፍሽን!»

«እኔ ቁልፍ ነው የምችለው። ቁልፍ የሌለው ሰው ደግሞ አላየሁም።»

እንዲህ ናት። አፏ የተሳለ፣ ፊቷ የማይነበብ፣ አንድ ነገር ስትይዝ ጥርሷን ነክሳ የምትይዝ። ማኅበራችን የተጣላው ከዚህች ልጅ ጋር ነው፤ ለዚያውም በጉርጥ።

ማኅበራችን ከሱቋ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ አንድ ያረጀ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ደንቡ «ወገንን ለመርዳት» ይላል። በተግባር የሚረዳው ኮሚቴውን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቤታቸው ለመጥፋት ምክንያት ይሆናቸዋል። ሊቀመንበሩ ኃይለመለኮት ይባላል። ተማሪ ሳለ ሊቀመንበር ነበር፤ ካርቱም ስደተኛ ሳለ ሊቀመንበር ነበር፤ ለንደን የገባ ዕለትም ሻንጣውን ሳይፈታ የሚመራው ሰው ፈልጓል። ስብሰባ ከሌለ ማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

ከቤቱ በስተኋላ አንዲት ክፍል አለች። ለዓመታት ተቆልፋ የኖረች ናት፤ ቁልፏ የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ኮሚቴው ስለ ቁልፉ መጥፋት ሦስት ጊዜ አጀንዳ ይዞ ተወያይቶ ሦስቴም ሳይስማማ ተበትኗል። አንድ ቀን ብፅዓት ለእናቷ ዕቃ ልታደርስ መጥታ መቆለፊያውን አየችው፤ ከኪሷ ጥርስ ያልወጣለት ጥሬ ቁልፍ አውጥታ ሰካች፣ አወጣች፣ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየች። ሱቅ ደርሳ ስትመለስ በሩ ተከፈተ። ውስጡ የተሰባበረ ወንበርና ያልተበተነ የበራሪ ወረቀት ክምር ነበር፤ ሠፊው ሕዝብ እስካሁን እየጠበቀው ይሆናል። ወጣቶቹ ወረቀቱን ጥግ አስይዘው፣ ወንበሮቹን ጠግነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰቢያቸው አደረጉት። ቁልፉም ብፅዓት ዘንድ ቀረ።

እዚያ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ስብሰባ አልነበረም፤ ጨዋታ ነው። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 1999 መገባደጃ ነው፤ አዲሱ ዓመት ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል ተብሎ ትልልቁ ሰው የሚሸበርበት፣ ልጁ ሁሉ ደግሞ በእጅ በምትያዝ ትንሽ የጌም ሳጥን ላይ አንገቱን የደፋበት። በሳጥኗ ውስጥ አውሬ ይሰበሰባል፣ ይቀለባል፣ ይሠለጥናል። ከዚያ ሁለት ሳጥን በገመድ ይያያዝና አራት አውሬ ከአራት አውሬ ይገጥማል፤ በዚያው ገመድ አውሬ መዋዋስም ይቻላል። እናቶች «የአጋንንት ጌም» ይሉታል። ሕጉ ግን ቀላል ነው፤ አንድ አውሬ ከአራት በላይ ስልት መያዝ አይችልም። አምስተኛ ልማር ካለ አንዱን መርሳት አለበት፤ የረሳውም አይመለስም።

ዐብዱ የብፅዓት ጓደኛም ተቀናቃኝም ነው፤ እዚሁ ሰፈር የተወለደ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ እየፈተፈተ የሚናገር። እሱ ያሳደጋት ቀበሮ ናት። ቀበሮዋ አንድ የእሳት ምት፣ አንድ ንክሻ፣ አንድ መድኃኒት፣ አንድ መሸሺያ ይዛለች። ሁሉም ይወዳታል። የብፅዓት ዋናው አውሬ ጉርጥ ነው፤ ግራጫ፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ዓይኑ የማይርገበገብ። አራቱም ስልቱ ላለመውደቅ ነው፤ ይከላከላል፣ ቁስሉን ያክማል፣ ቆዳውን ያጠነክራል፣ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ጌሙ ለአውሬ ስም ማውጣት ስለሚፈቅድ «እምቢ» ብላ ጠርታዋለች።

«ሲሪየስሊ ብፅ፣ ይኼ ነገር እኮ አይመታም» ይላታል ዐብዱ።

«አይመታም።»

«ፎክሷ ምን እንደምታደርግ ማንም አያውቅም። ያንቺን ጉርጥ ግን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።»

«ይወቀው። አውቆ ምን ያመጣል?»

ያመጣ አልነበረም። ብፅዓት ጉርጡን ብቻውን አይደለም የምታሰልፈው። መጀመሪያ ጊንጥ ትልካለች፤ ጊንጡ ገብቶ ይነድፋል፣ መርዙን ትቶ ይወጣል፣ ሌላ ሙያ የለውም። ከዚያ ጉርጡ ይገባና ይቀመጣል። ተቃዋሚው ሲደበድበው መርዙ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ሲደክም ጭልፊቷ ትወርዳለች፤ አንዴ ከተመታች የምትሞት፣ አንዴ ከመታች ግን የምትገድል። አራተኛዋ ጦጣ ናት፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የምትችል።

«አየሽ፣ አንቺም ሁለገብ ይዘሻል» አላት ዐብዱ አንድ ቀን።

«ነገር ሲበላሽ የምትላክ አንዲት ያስፈልጋል። አንዲት። አራት ተላላኪ ሰብስበህ ቡድን አለኝ አትበል።»

ክፍሉ ውስጥ የሚያሸንፋት ስለጠፋ፣ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ባተርሲ ውስጥ የወጣት ክበቦች ውድድር እንዳለ ሲሰማና እያንዳንዱ ክበብ አንድ ተጫዋች እንዲልክ ሲጠየቅ፣ ክርክር ሳይነሣ እሷ ተመረጠች። ክርክሩን ያመጣው ኃይለመለኮት ነው። «የማኅበሩ ስም በባዕድ ፊት የሚጠራ ከሆነ» አለ፣ «ጉዳዩ የጠቅላላ ጉባኤ ነው።»

እነሆ የእኛ ሰው። ቧንቧ ሲፈነዳ ጎረቤት የሚጠራ፣ ስለ ቀበሮና ጉርጥ ግን ጉባኤ የሚጠራ።

ቤቱ ሞላ። ኃይለመለኮት ተነሥቶ «ጓዶች...» አለና «ወገኖች» ብሎ አረመ፤ ይኼን ቃል ሲያርም ፀጉሩ ሸበተ። ቀጥሎም ሁለት ነገር አስታወቀ። አንደኛ፣ ኮሚቴው ለንዑስ ኮሚቴው ስብሰባ ክፍል ስለጠበበው የኋላውን ክፍል ይፈልገዋል። ወጣቶቹ ዋንጫ ካመጡ ክፍሉ የነሱ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ካላመጡ ብፅዓት ቁልፉን ታስረክባለች። ሁለተኛ፣ የሚሰለፉትን አራት አውሬዎች ጉባኤው በድምፅ ይመርጣል።

«ጋሼ፣ የሚጫወተው እኮ እኔ ነኝ» አለች ብፅዓት።

«ልጄ፣ ግለሰብ አይጫወትም። ድርጅት ነው የሚጫወተው።»

ዐብዱ ስለ ቀበሮዋ አስረዳ። ብፅዓት ስለ ጉርጡ አስረዳች፤ ማስረዳት ከተባለ። «አይመታም። አይሮጥም። አይወድቅም። ሥራው ይኼ ነው» ብላ ተቀመጠች።

እዚህ ላይ መዝገቡና ደረጄ ነቁ። ሁለቱ ወጣት ሳሉ በየፊናቸው ሌላና ሌላ ድርጅት ውስጥ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን በወረቀት ስንት ጊዜ እንደቀበረው እነሱም ረስተውታል። አሁን መዝገቡ አውቶቡስ ይነዳል፣ ደረጄ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፤ ቅዳሜ ሲመጣ ግን ሁለቱም ወደ ጥንት ማዕረጋቸው ይመለሳሉ።

መዝገቡ ጣቱን ወደ ጉርጡ ቀሰረ። «ይኼ በግልጽ ቋንቋ ጠባብነት ነው! አንድ ስልት ይዞ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀብሮ፣ ሰፊውን ትግል የካደ!»

«ቀበሮዋስ?» ደረጄ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ትንሽ እሳት፣ ትንሽ መድኃኒት፣ ሲብስም ሽሽት! ይኼ ነው ወላዋይ ማለት! መሐል ሰፋሪ! እኛን የበላን እንዲህ ያለው ነው።»

«እናንተን የበላችሁ የራሳችሁ አናርኪዝም ነው።»

«ባንዳ!»

«ሥነ ሥርዓት!» ጠረጴዛው ተደበደበ።

የሻረግ ከጀርባ ሆና «ኧረ በማርያም፣ የልጆች ጌም ነው» ብትል የሰማት አልነበረም። ቀጥሎ አንዱ አንበሳ የሚመስል አውሬ እንዳለ ሰምቶ አንበሳው ይግባ አለ። ሌላው አንበሳ የፊውዳል ቅሪት ነው ብሎ ተቃወመ። ዘውድ እስካልደፋ ድረስ ይግባ ተባለ። አንበሳ ከገባ ለገበሬው ደግሞ በሬ ይግባለት ተባለ። ሰላም ፈላጊ ነን የሚሉት ርግብ ጠየቁ። ደረጄ ቀበሮዋ ብቻዋን እንዳትገን ሌሎቹም እንደሷ ሁለገብ ከሆኑ ብቻ እንደሚያሳልፋት፣ መዝገቡም ጉርጡ እስከወጣ ድረስ የቀረው ግድ እንደማይሰጠው ተናገረ። ሁለቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ የተስማሙትም አንድ ጉርጥ ለማባረር ነው።

ብፅዓት እጇን አወጣች። «አንድ ጥያቄ። እዚህ ቤት ይኼን ጨዋታ አንዴ እንኳ ተጫውቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።»

ከጀርባ ያሉት ልጆች ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«ከአጀንዳ ውጪ ነው» አለ ኃይለመለኮት፤ ድምፅም አሰጠ። ቀበሮ፣ አንበሳ፣ በሬ፣ ርግብ በአብላጫ ድምፅ አለፉ። አራቱም ከሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ የሚችሉ፣ አራቱም ማንንም የማያስቀይሙ። ጉባኤው አጨበጨበ። ኮሚቴውን ራሱን በአውሬ አምሳል መምረጡን ያስተዋለ አልነበረም።

ቤት ሲገቡ ብፅዓት ጃኬቷን ወረወረች። «አልጫወትም በሱ።»

«ስሚኝ» አለች የሻረግ። «ክፍሉን ከወሰዱባችሁ ልጆቹ የት ይሄዳሉ? መንገድ ላይ? አንድ ጊዜ እነሱ ባሉት ሞክሪላቸው። ተናግረው ደስ ይበላቸው።»

«አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። ትሪ ደርድሪ ሲሉሽ ትደረድሪያለሽ፣ ወንበር ግፊ ሲሉሽ ትገፊያለሽ።»

 የሻረግ ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ፊደል እንደምትመታ ነካ ነካ አደረገችና አቆመች። «የ'ኀ' ቁልፍ የቱ ጋ እንደነበረ ጠፋኝ» አለች። «ሳላይ ነበር የምመታው።» ከዚያ ደግሞ «አንድ ጊዜ ብቻ። በኔ ሞት» አለቻት።

«አንድ ጊዜ። ከዚያ የኔ ነው።»

የውድድሩ ቀን በባቡር ሄዱ፤ ብፅዓት፣ ዐብዱ፣ የሻረግ፣ ከበላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው ኃይለመለኮት፣ እሱን የሚቆጣጠሩት መዝገቡና ደረጄ። ባተርሲ አዳራሹ የልጅ ጫጫታ ነው፤ ጠረጴዛ በጠረጴዛ፣ ገመድ በገመድ፣ የሚታየውም ትግል ግድግዳው ላይ በትልቅ ስክሪን ይወጣል። ሕጉ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይውጣ ነው፤ በየግጥሚያው መሐል አውሬ መቀየር ይፈቀዳል።

በመጀመሪያው ግጥሚያ የገጠማት ጡጫ የሚያህል ልጅ ነው፤ አፍንጫው የሚፈስ፣ ድብ ያለው። ድቡ የሚያውቀው መምታት ብቻ ነው። ብፅዓት ቃሏን ጠብቃ የጉባኤውን አራት አሰለፈች። ርግቧ በረረች፣ ተመታች። በሬው ትንሽ ወጋ፣ ትንሽ ተከላከለ፣ ሙሉ በሙሉ ወደቀ። አንበሳው አገሣ። በዚያ ጌም ማግሣት ራሱን የቻለ ስልት ነው፤ ጠላትን አይጎዳም፣ ባለቤቱን ያኮራል። «ጎሽ!» አለ መዝገቡ። ድቡ አንበሳውን በሁለት ምት አጋደመው። ቀበሮዋ ብቻዋን ቀረች፤ አቃጠለች፣ ታከመች፣ ነከሰች፤ ትግሏ የሚያሳዝን ነበር። እሷም ሄደች።

አፍንጫው የሚፈሰው ልጅ ጨብጧት ሄደ። ብፅዓት ወደ ኃይለመለኮት ዞረች።

«ጋሼ፣ ይኼኛው የእናንተ ነበር። አልቋል።»

«የጉባኤ ውሳኔ በአንድ ሽንፈት አይሻርም! ትግል ውጣ ውረድ አለው...»

«ሁለተኛ ከተሸነፍኩ እወጣለሁ። ከወጣሁ በራሴ ነው የምወጣው።» ሳጥኗን ከፍታ አንበሳውን አወጣች፣ በሬውን አወጣች፣ ርግቧን አወጣች። ቀበሮዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ ትንሽ ቆመ። ዐብዱ አየት አደረጋት፤ አወጣቻት። ጊንጥ፣ ጉርጥ፣ ጭልፊት፣ ጦጣ።

«ይኼ ዲሲፕሊን መጣስ ነው!»

«አዎ» አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

ከዚያ የሆነውን አዳራሹ ሁሉ አይቷል። ጊንጡ እየነደፈ ወጣ፤ ጉርጡ እየገባ ተቀመጠ። ተቃዋሚዎቿ ሊያደርግ ያለውን ያውቃሉ፤ ከሁለተኛው ግጥሚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ሁሉም አይቶታል። ያውቃሉ፣ ይመቱታል፣ ይቀመጣል። ይመቱታል፣ ይታከማል። መርዙ ሥራውን ሲጨርስ ጭልፊቷ ትወርዳለች። አንዱ ረጅም ልጅ በንዴት ገመዱን ነቅሎ ሊሄድ ሲል ዳኛው ያዘው። የእንግሊዝ ልጆች ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ስም እያነበቡ «እምቢ! እምቢ!» ይሉ ጀመር፤ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ፣ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። በዚህ መሐል ደረጄ ተነሥቶ «አትንቀሳቀስ! ያዝ መስመርህን!» ሲል ተሰማ። መዝገቡ እጁን ጨብጦ ነበር። ድምፅ ሰጥተው ያባረሩትን ጉርጥ እየደገፉ መሆናቸው ትዝ ያለው አንዳቸውም የለም።

ያንን አሸነፈች፣ ቀጣዩን አሸነፈች፣ አፍንጫው የሚፈሰውን ልጅ ከነድቡ መልሳ አገኘችውና ድቡ ጉርጡን ክንዱ እስኪዝል መትቶ መትቶ በመርዝ ወደቀ። ለዋንጫው ግጥሚያ ደረሰች።

ለዋንጫ የገጠመቻት ቀይ ፀጉር ያላት የባተርሲ ልጅ ናት፤ የማትቸኩል፣ ማስቲካ የምታኝክ። አውሬዎቿ የዐብዱን ቀበሮ ዓይነት ናቸው፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። ልዩነቱ ልጅቱ ትንሹን መቼ እንደምታወጣው ማወቋ ነው። ጊንጡ ነደፈ፤ የተነደፈው፣ ኦተር የሚባለውን የወንዝ እንስሳ የሚመስለው አውሬዋ፣ ማንም ያልጠበቀውን ስልት አወጣና መርዙን አጠበው። እንደገና ተነደፈ፣ እንደገና አጠበ። ጭልፊቷ መርዝ ያላደከመው ጠላት ላይ ወርዳ አልገደለችም፤ ያልገደለች ጭልፊት ደግሞ ሟች ናት። ጦጣዋ ተልካ ኦተሩን አንድ ጊዜ አቆሰለችው፤ ብቻዋን ምን ታድርግ። ጊንጡም ሄደ።

ጉርጡ ብቻውን ቀረ። ማሸነፍ አይችልም፤ የሚመታበት የለውም። ይኼን ብፅዓት ከሁሉም ቀድማ አውቃለች። እጅ መስጠት ይቻል ነበር፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ ሁሉም ሰው ወደየቤቱ። አልተጫነችም። ጉርጡ ተመታ፣ ታከመ። ተመታ፣ ጭቃ ገባ። አዳራሹ እንደገና ስሙን መጥራት ጀመረ። የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ማከሚያው እስኪያልቅበት፣ መከላከያው እስኪያልቅበት ተቀመጠ። ሁሉም ሲያልቅ ወደቀ።

ቀይ ፀጉሯ ልጅ ማስቲካዋን ወደ ጉንጯ አድርጋ ጨበጠቻት። «ስሙ ምን ማለት ነው?» አለቻት።

«አላደርግም ማለት ነው።»

«ዊኪድ» አለች ልጅቱ፤ «ግሩም» ማለቷ ነበር፣ ከልቧ።

ኃይለመለኮት እጁን ወደኋላ አጣምሮ መጣ። «ቀበሮዋ ብትኖር ኖሮ» አለ፣ «ቢያንስ አቃጥላ ትጨርሰው ነበር። ኦተሩ ቆስሎ ነበር እኮ። ሁለገብነት ያልነው ለዚህ ነው። አሁን በጉባኤው ፊት ቀርበሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ።»

የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው። ጦጣዋ ያቆሰለችውን ኦተር ሌላ እሳት ያላት ሁለገብ ብትኖር ትጨርሰው ነበር። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ሲናገር ኖሮ አንድ ቀን ልክ ሆነ፤ ያንንም ቀን መርጦ ያዋለው አንዲት ልጅ ላይ ነው።

ብፅዓት ገመዷን እየጠቀለለች «ልክ ነዎት ጋሼ» አለች። «ከጭልፊቷ ይልቅ ቀበሮዋ ትሻል ነበር። በሚቀጥለው አስገባታለሁ።»

«እንግዲያውስ አምነሻል!»

«ተሳስቻለሁ ነው ያልኩት። የሁለተኛው ሽንፈት ስሕተት የኔ ነው፤ እኔው አርመዋለሁ። የመጀመሪያው የእናንተ ነው፤ እሱን ማን ያርመዋል?»

ደረጄ ሳል መጣበት። መዝገቡ ስክሪኑን ማየት ጀመረ፤ ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር።

«ቁልፉን» አለ ኃይለመለኮት፣ መዳፉን ዘርግቶ።

ዋንጫ የለም፤ ቃል ቃል ነው። ብፅዓት ቁልፉን ከቀለበቱ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ኮሚቴው ቁልፍን እንደ ማኅተም ነው የሚያየው፤ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ያለ፣ የያዘው የሚገዛበት። ኃይለመለኮት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ከውጭ በእጁ ዳሰሰው።

ባቡሩ ቴምዝን ሲሻገር ዐብዱ ወደሷ ዞረ። «ሰጠሻቸው። ጀስት ላይክ ዛት።»

«የጠየቁኝን ሰጠኋቸው።»

«ልጆቹስ?»

«ሰኞ ሱቅ ና። ልጆቹንም ይዘህ ና።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ኃይለመለኮት ንዑስ ኮሚቴውን አስከትሎ ወደ ኋላው ክፍል ሄደ። ቁልፉን ከደረት ኪሱ አወጣ። በሩ ግን ገርበብ ብሎ መብራት ይታይበታል፤ ሳቅም ይሰማል። ገፋው። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በገመድ ተያይዘዋል፣ ዐብዱ መሐል ላይ ያስተናብራል፣ ብፅዓት ቀበሮዋን ከጉርጡ ጎን ለማሰለፍ ጭልፊቷን እያወጣች ነው።

«ማነው የከፈተው?»

 አንዲት ትንሽ ልጅ ከሹራቧ ሥር ክር ስባ አወጣች፤ ክሩ ጫፍ ላይ ቁልፍ አለ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ቀጥሎ ጎኗ ያለው አወጣ። ቀጥሎ ሁሉም።

«ይኼ... ይኼ አድማ ነው!»

«ቁልፍ ነው ጋሼ» አለች ብፅዓት ቀና ሳትል። «እኔ ሌላ ነገር አልችልም።»

ኃይለመለኮት ክፍሉን ሲቃኝ ጥግ ላይ፣ በበራሪ ወረቀቱ ክምር አጠገብ፣ የሻረግን ወንበር ላይ ተቀምጣ አያት። የሂትሮው ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር፣ አንድ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ የሻረግ! እርስዎም? ምን እየሠሩ ነው እዚህ?»

«ምንም አልሠራም» አለች የሻረግ። «ቁጭ ብያለሁ።»

«ይኼን ጉዳይ ጉባኤ ፊት አቀርበዋለሁ። መቆለፊያው ይቀየራል!»

«ይቀየር» አለች። ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

ኃይለመለኮት ድጋፍ ፍለጋ ወደኋላው ዞረ። መዝገቡ የበሩን ጉበን ተደግፎ ወደ ውስጥ እያየ ነበር። «ያ ኦተር» አለ ለደረጄ በሹክሹክታ፣ «ጉርጡ ቀድሞ ቢገባበትስ ኖሮ?»

«ጊንጡ ሳይነድፍ? የመስመር ስሕተት ነው።»

«አይደለም እኮ፣ ስማኝ...»

«ና ግባና አሳየኝ» አለው ደረጄ። ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ሁለቱ እየተጨቃጨቁ ገቡ፤ ኃይለመለኮት ዋናውን ቁልፍ እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቀረ።